በር የሚያንኳኩት ሁለቱ ወጣቶች፦ የሞርሞን ሚሲዮናውያን በሰው አገር እንዴት ይኖራሉ?

አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖር አበሻ አንድ ቀን ሳያገኛቸው አይቀርም። ነጭ ሸሚዝ፣ ክራቫት፣ ደረት ላይ ጥቁር የስም ሰሌዳ። ሴቶች ከሆኑ ቀሚስ ወይም ደህና ሱሪ። ሁልጊዜ ሁለት ናቸው። ፊታቸው ገና የልጅ ፊት ነው። በትሕትና ሰላም ይሉና ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ጥቂት ደቂቃ ማውራት እንደሚፈልጉ ይናገራሉ።

ስለነሱ የሚወራው ብዙ ነው። አንዱ ተከፍሏቸው ነው ይላል። ሌላው ሰላዮች ናቸው ይላል። ብዙ ሚስት ያገባሉ የሚልም አለ። በ2025 ደግሞ የምትልካቸው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ደጋግማ ዜና ሆናለች። ፕሬዝዳንቷ ራስል ኔልሰን በመስከረም ወር በ101 ዓመታቸው አረፉ። በቦታቸው ዳሊን ኦክስ ተተኩ። በኅዳር ደግሞ ሴቶች ለሚስዮን የሚወጡበት ዝቅተኛ ዕድሜ ከ19 ወደ 18 ወረደ። (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ጽሑፍ እምነቱ ልክ ነው ወይም ስሕተት ነው ለማለት አይደለም። በሩ ላይ የቆሙት ልጆች ከየት እንደመጡ፣ ማን እንደላካቸውና ቀናቸው እንዴት እንደሚያልፍ ለማስረዳት ነው።

ሞርሞን የሚባሉት እነማን ናቸው?

የቤተ ክርስቲያኒቱ ሙሉ ስም "የኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን" ነው። "ሞርሞን" የተባሉት መጽሐፈ ሞርሞን ከሚሉት ቅዱስ መጽሐፋቸው የተነሣ ነው። በ2018 ኔልሰን ይህ ቅጽል ቀርቶ ሰው ሁሉ በሙሉ ስሟ እንዲጠራት ጠይቀዋል። እዚህ ግን አንባቢ በሚያውቀው ስም እንቀጥል።

ታሪኩ የሚጀምረው ጆሴፍ ስሚዝ ከሚባል የኒውዮርክ ግዛት የገበሬ ልጅ ነው። በ1820፣ በ14 ዓመቱ፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን እውነተኛ እንደሆነ ሊጸልይ ጫካ ገባ። እግዚአብሔር አብና ኢየሱስ ክርስቶስ ተገለጡልኝ፣ የትኛውንም እንዳልከተል ነገሩኝ አለ። ከዓመታት በኋላም መልአክ ባመለከተኝ ቦታ የወርቅ ሰሌዳዎች አገኘሁ፣ በእግዚአብሔር ኃይል ተረጎምኳቸው አለ። መጽሐፈ ሞርሞን በ1830 ታተመ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቤተ ክርስቲያኒቱ ተመሠረተች። ስሚዝ በ1844 ኢሊኖይ ውስጥ ታስሮ ሳለ የታጠቁ ሰዎች እስር ቤቱን ሰብረው ገደሉት። ተከታዮቹ በብሪገም ያንግ መሪነት ወደ ምዕራብ ተሰደዱ። በ1847 ሶልት ሌክ ሸለቆ ደረሱ። ዋና ጽሕፈት ቤታቸው እስካሁን እዚያው ዩታ ነው።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከ17 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉኝ ትላለች። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከአሜሪካ ውጪ ነው የሚኖሩት። የብዙ ሚስት ጉዳይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእርግጥ ነበር። በ1890 ግን ቤተ ክርስቲያኒቱ እንዲቆም አወጀች። ዛሬ ከአንድ በላይ የሚያገባ አባል ይወገዳል። በቴሌቪዥን የሚታዩት ብዙ ሚስት ያላቸው ቤተሰቦች የተገነጠሉ ቡድኖች አባላት ናቸው።

እምነታቸው ከሌሎች ክርስቲያኖች በምን ይለያል?

ክርስቲያኖች ነን ይላሉ። ኢየሱስ አዳኝ ነው፣ ሞቶ ተነሥቷል ይላሉ። መጽሐፍ ቅዱስንም ያነባሉ።

ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በዓላማ አንድ የሆኑ ሦስት የተለያዩ አካላት ናቸው ብለው ያስተምራሉ። ሥላሴ በባሕርይ አንድ አምላክ ነው የሚለውን የኒቅያ ጸሎተ ሃይማኖት አይቀበሉም። ራእይ አልተዘጋም ይላሉ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዝዳንት ለነሱ ሕያው ነቢይ ነው። ከሐዋርያት ሞት በኋላ የክህነት ሥልጣን ከምድር ጠፍቶ በስሚዝ በኩል ተመልሷል ብለውም ያምናሉ። ስለዚህ ሌላ ቦታ የተጠመቀ ሰው ወደነሱ ሲገባ እንደገና ይጠመቃል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በበኩሏ የነሱን ጥምቀት እንደማትቀበል በ2001 አስታውቃለች።

ይህን ማወቅ ወጣቶቹን ለመረዳት ይጠቅማል። ክርስቲያን ለሆነ ሰው ስለ ክርስቶስ ሊነግሩ ለምን እንደሚመጡ ብዙዎች ይገርማቸዋል። በነሱ ዓይን ግን የያዙት መልእክት ጠፍቶ የተመለሰ ነገር ነው። የሌላ ክርስቲያን ቤትም የሚያንኳኩት ለዚህ ነው።

አንድ ልጅ እንዴት ሚሲዮናዊ ይሆናል?

ወንዶች በ18 ዓመታቸው መውጣት ይችላሉ፤ ለ24 ወር ያገለግላሉ። ሴቶች የሚያገለግሉት 18 ወር ነው። ብቁ ለሆነ ወንድ ልጅ ግዴታው ነው ተብሎ ይሰበካል። ለሴቶች በፈቃድ ነው። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስትም አብረው ይሄዳሉ። በዓለም ዙሪያ ከ80 ሺህ በላይ ሚሲዮናውያን በሥራ ላይ ናቸው።

ልጁ መጀመሪያ ከአጥቢያው መሪ ጋር ይነጋገራል። መሪው ደመወዝ የለውም። በቀን ሥራው መምህር ወይም ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ስለ እምነቱ፣ ስለ ንጽሕናው፣ ስለ መጠጥና ስለ ጤናው ይጠይቀዋል። ከዚያ ማመልከቻው ሶልት ሌክ ሲቲ ይደርሳል። የት እንደሚሄድ ልጁ አይመርጥም። የሚመድቡት ሐዋርያት ተብለው የሚጠሩት የቤተ ክርስቲያኒቱ ከፍተኛ መሪዎች ናቸው። አንዱ ብራዚል ይደርሰዋል፣ አንዱ ጃፓን፣ ሌላው ከቤቱ ሦስት ሰዓት ብቻ በመኪና የሚያስኬድ ከተማ። ድሮ ምደባው በፖስታ ይመጣ ነበር። አሁን በኢንተርኔት ይደርሳል። ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሩቁ በቪዲዮ ገብቶ፣ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ እናት ስታለቅስ ማየት የተለመደ ነው።

ቀጥሎ ማሠልጠኛ ይገባል። ትልቁ ዩታ፣ ፕሮቮ ከተማ ነው። አክራ፣ ጆሃንስበርግ፣ ማኒላና ሳኦ ፓውሎም አሉ። ቋንቋ የማይማር ጥቂት ሳምንት ይቆያል። ቋንቋ የሚማር ደግሞ እንደ ቋንቋው ክብደት ሁለት ወር ገደማ። በሁለት ወር ቻይንኛ አይቻልም። የቀረውን መንገድ ላይ፣ እየተሳሳተ፣ ሰው እየሳቀበት ይማረዋል።

ደመወዝ አላቸው?

የላቸውም። እንዲያውም የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ከሀብታም አገር የሚወጣ ወጣት በወር 500 ዶላር ያዋጣል። እስከ 2020 ድረስ 400 ነበር። በሁለት ዓመት 12 ሺህ ዶላር ማለት ነው። አንዳንዱ ሳር እያጨደ፣ በርገር ቤት እየሠራ ያጠራቅማል። አንዳንዱን ቤተሰቡ ይከፍልለታል። ከድሃ አገር የሚወጣ አቅሙ የፈቀደውን ይሰጣል፣ የጎደለውን ቤተ ክርስቲያኒቱ ትሞላለች።

ገንዘቡ አንድ ቋት ውስጥ ይገባና ለእያንዳንዱ እንደሚኖርበት ከተማ ኑሮ ለቤት ኪራይ፣ ለምግብና ለትራንስፖርት ይመደብለታል። እስከ 1990 ድረስ እያንዳንዱ የራሱን ወጪ ነበር የሚችለው። ቶኪዮ የተመደበ ልጅ ቤተሰብ ሲጨነቅ፣ ርካሽ አገር የተመደበው ይገላገል ነበር። አንድ ወጥ ክፍያ የመጣው ይህን ለማስተካከል ነው። ባጠመቁት ሰው ቁጥር ኮሚሽን ያገኛሉ የሚባለው ሐሰት ነው።

ቀኑ እንዴት ያልፋል?

ከጠዋቱ 12፡30 ይነሣሉ። ግማሽ ሰዓት ስፖርት ይሠራሉ። ታጥበው፣ ቁርስ በልተው ጥናት ይጀምራሉ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ለብቻው ቅዱሳት መጻሕፍትን ያነባል። ቀጥሎ ሁለቱ አብረው ያጠናሉ፣ ዛሬ የሚያገኙትን ሰው እንዴት እንደሚያስተምሩ ይለማመዳሉ። አዲስ ቋንቋ የሚማር የቋንቋ ጊዜ ይጨምራል። 4 ሰዓት ገደማ ከቤት ይወጣሉ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ይመለሳሉ። የነገውን አቅደው 4፡30 መብራት ይጠፋል። ከ2017 ወዲህ ሰዓቱ እንደየአገሩ ትንሽ ይስተካከላል፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው።

በመሃል ያለው ጊዜ ሰው እንደሚያስበው በር ማንኳኳት ብቻ አይደለም። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሰው ያዋራሉ። በፌስቡክ መልእክት ይመልሳሉ። ነባር አባላት ጎረቤታቸውን እንዲያስተዋውቋቸው ይጠይቃሉ። በብዙ ከተማ ነጻ የእንግሊዝኛ ትምህርት ይሰጣሉ። ቤት ለሚቀይር ሰው ሶፋ ይሸከማሉ፣ ለአዛውንት በረዶ ይጠርጋሉ። አንድ ቤት ገብተው ለማስተማር ከተማውን ቀኑን ሙሉ ሲዞሩበት ሊውሉ ይችላሉ። የጫማቸው ሶል አልቆ፣ ዝናብ እየገባበት፣ ደረቱ ላይ ያለው ስም ሰሌዳ ብቻ እንደ አዲስ የሚያበራ ልጅ ብታዩ አትገረሙ።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜ ሰኞ፣ የዝግጅት ቀናቸው ነው። ልብስ ያጥባሉ፣ አስቤዛ ይገዛሉ፣ ፀጉር ይቆረጣሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ። ወደ ቤት የሚደውሉትም በዚህ ቀን ነው። እስከ 2019 ድረስ በስልክ ቤተሰብ ማነጋገር የሚፈቀደው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፦ በገና እና በእናቶች ቀን። ሌላው ጊዜ በደብዳቤና በኢሜይል ነበር። የካቲት 2019 ላይ በየሳምንቱ በቪዲዮ ማውራት ተፈቀደ። ለእናቶች ትልቅ ለውጥ ነው፤ እኔም ዘግይቷል ከሚሉት ወገን ነኝ።

የተከለከለው ዝርዝር ረጅም ነው። ፍቅረኛ የለም። ከተቃራኒ ጾታ ጋር ብቻ መሆን የለም። ሲኒማ፣ ዋና፣ ተራ ሙዚቃ የለም። ከተመደቡበት ክልል ያለፈቃድ መውጣት የለም። ስልካቸው ስማርት ነው፣ አጠቃቀሙ ግን ውስን ነው።

ለኛ አገር ሰው ቅርብ የሆነው ምሳሌ የቆሎ ተማሪ ነው። እሱም በልጅነቱ ከእናት አባቱ ይለያል፣ አገር አቋርጦ ይሄዳል፣ በማያውቀው ሰው ደጅ ይቆማል፣ ውሻ ይጮህበታል። ልዩነቱ የቆሎ ተማሪ ሊማር ሲሄድ እነዚህ ሊያስተምሩ መሄዳቸው ነው። ይሁን እንጂ አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየ፣ የ18 ዓመት ልጅ በዚያ ሁለት ዓመት ከሚያስተምረው የሚማረው ይበልጣል። አንድም ሰው ሳያጠምቅ ቢመለስ እንኳ በየቀኑ አንብቧል፣ ጸልዮአል፣ እምነቱን በማይፈልገው ሰው ፊት ቆሞ ተናግሯል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዚህ ሁሉ ድካም የምታወጣው ዋጋ ቢያንስ ግማሹ፣ በኔ እይታ፣ የሚመለሰው በልጁ ውስጥ ነው።

ለምን ሁልጊዜ ሁለት ይሆናሉ?

ምክንያቱን ከወንጌል ይጠቅሳሉ። ማርቆስ 6፡7 ላይ ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ይልካቸዋል። የደኅንነት ጉዳይም አለበት። አንዱ ለአንዱ ምስክር ነው፣ ጠባቂም ነው።

ደንቡ ጥብቅ ነው። ሁለቱ በእይታና በድምፅ ርቀት ውስጥ መሆን አለባቸው። መኝታ ክፍላቸው አንድ ነው፣ አልጋቸው የተለያየ። መጸዳጃ ቤት ካልሆነ በቀር ብቻ መሆን የለም። ስማቸውን እንኳ አይጠራሩም። ወንዱ "ኤልደር"፣ ሴቷ "ሲስተር" ተብለው በቤተሰብ ስም ነው የሚጠሩት።

ባልደረባውን ማንም አይመርጥም። በየአካባቢው ለሦስት ዓመት ከባለቤቱ ጋር የሚመደብ የሚስዮን መሪ አለ። እሱ በየስድስት ሳምንቱ ዝውውር ያወጣል። የዩታ ልጅ ከናይጄሪያ ልጅ ጋር፣ ወሬኛው ከዝምተኛው ጋር፣ ማታ የሚያንኮራፋው እንቅልፍ ከሚያጣው ጋር ይገጥማል። ቅሬታ ካለ ሁለቱ ተቀምጠው እንዲነጋገሩ የሚመደብ የሳምንት ጊዜ አለ። የመንገዱን ድካም ሰው ይለምደዋል። ብቻ መሆን የሚባል ነገር ለሁለት ዓመት ማጣት ግን ከሁሉም የሚከብድ ይመስለኛል። ብዙዎቹ የዕድሜ ልክ ወዳጅ ያገኙትም እዚያው ውስጥ ነው።

ቡና አይጠጡም የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ቡና፣ ሻይ፣ አልኮልና ትምባሆ ክልክል ናቸው። በ1833 ጆሴፍ ስሚዝ ከተቀበለው ራእይ የመጣ ሕግ ነው ይላሉ። ስለዚህ አበሻ ቤት ገብተው ቡና ተቆልቶ፣ ተፈልቶ፣ በሲኒ ሲቀርብላቸው አንጠጣም ማለታቸው ንቀት አይደለም። ለአስተናጋጁ ማስረዳት ለነሱም ጭንቅ ነው። ውሃ ወይም ፈንዲሻ ቢቀርብላቸው በደስታ ይቀበላሉ።

ጾምም አላቸው። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሁለት ማዕድ ይዘላሉ፣ ውሃም አይጠጡም። ያልበሉትን ዋጋ ለችግረኛ ይሰጣሉ። ይህ ልማድ ከኢትዮጵያ ጋር እውነተኛ ታሪክ አለው። ጥር 27 ቀን 1985 የአሜሪካና የካናዳ አባላት በዋናነት ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ልዩ ጾም ጾሙ። ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። በመጋቢት ሁለት መሪዎች ሁኔታውን ለማየት ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ያኔ ቤተ ክርስቲያኒቱ በአገሩ ውስጥ ጉባኤ አልነበራትም። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ አላት፣ መጽሐፈ ሞርሞንም በአማርኛ ታትሟል።

ሰው ይቀበላቸዋል?

እንደ አገሩ ነው። በ2012 ለአሜሪካ ፕሬዝዳንትነት የተወዳደረውን ሚት ሮምኒን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በ1966፣ በ19 ዓመቱ፣ ወደ ፈረንሳይ ተልኮ ነበር። የአንድ የአሜሪካ ግዛት ገዥ ልጅ ነው። በወይን ጠጅ አገር ወይን ተዉ እያለ በር ሲያንኳኳ የቀን እንጀራው እምቢታ ነበር። ያኔ የቬትናም ጦርነት ስለነበር አሜሪካዊ መሆንም አያስወድድም። ሰኔ 1968 የሚነዳውን መኪና ሌላ መኪና ፊት ለፊት ገጨው። አብራ የነበረችው የሚስዮን መሪው ባለቤት ሞተች። እሱ ራሱ ክፉኛ ተጎድቶ የሞተ መስሎ ነበር። ከዳነ በኋላ ወደ ቤቱ አልሄደም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጊዜውን ጨርሶ ነው የተመለሰው። በብዙ የአውሮፓ ከተሞች ዛሬም ቢሆን አንድ ሰው ሳያጠምቁ ወራት ማሳለፍ የተለመደ ነው።

የጋና ታሪክ ፍጹም ሌላ ነው። ጆሴፍ ዊልያም ቢሊ ጆንሰን የሚባል ጋናዊ በ1964 መጽሐፈ ሞርሞን እጁ ገባ። አንብቦ አመነ። ማንም ሳይልከው ይሰብክ ጀመር፣ ጉባኤዎችም አቋቋመ። ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ሚሲዮናውያን ላኩልን እያለ ይጽፍ ነበር። መልሱ ግን ጠብቁ ነበር። ምክንያቱ መነገር አለበት፦ ቤተ ክርስቲያኒቱ እስከ ሰኔ 1978 ድረስ ጥቁር ወንዶች ክህነት እንዳይቀበሉ ትከለክል ነበር። እገዳው ሲነሣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሁለት ሸምገል ያሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስቶች ናይጄሪያና ጋና ደረሱ። ጆንሰን 14 ዓመት የጠበቀው ጥምቀት መጣ። እነዚህ ሚሲዮናውያን ሲደርሱ የጠበቃቸው እነሱ ያዘጋጁት ሰው ሳይሆን በሩን ከፍቶ የቆየ ሕዝብ ነው።

ይህም አልጋ በአልጋ አልሆነም። ሰኔ 1989 የጋና መንግሥት ቤተ ክርስቲያኒቱን አገደ። የውጭ ሚሲዮናውያን በሳምንት ውስጥ እንዲወጡ ታዘዙ። አባላቱ ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል በየቤታቸው አመለኩ። በ1990 መጨረሻ እገዳው ተነሣ። አሁን ጋናና ናይጄሪያ ራሳቸው ወጣቶችን ለሚስዮን ይልካሉ።

የትም አገር መግባት ይችላሉ?

አይችሉም። ሩሲያ በ2016 ከቤተ ክርስቲያን ሕንጻ ውጭ መስበክን በሕግ ካጠበበች ወዲህ ሚሲዮናዊ መባሉ ቀርቶ በጎ ፈቃደኛ ሆነዋል። እስራኤል ውስጥ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ ኢየሩሳሌም ላይ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ስትሠራ ላለመስበክ ተስማምታለች። ስለዚህ እዚያ የምትኖሩ ሰዎች በር ላይ አታገኟቸውም።

ሲመለሱስ?

ልጁ አገሩ በገባ በሰዓታት ውስጥ ወደ አካባቢው መሪ ይሄዳል። አገልግሎትህን ጨርሰሃል ሲባል የስም ሰሌዳውን ያወልቃል። በቀጣዩ እሑድ በጉባኤው ፊት ይናገራል። ከዚያ ትምህርት፣ ሥራ፣ ብዙ ጊዜም ቶሎ ትዳር ይከተላል። የአገሩን ቋንቋ ይዞ ስለሚመጣ ዩታ ውስጥ ፖርቹጊዝኛ ወይም ኮሪያኛ የሚናገር የባንክ ሠራተኛ ማግኘት ብርቅ አይደለም።

ሁሉም ግን አይጨርስም። በሕመም፣ በጭንቀት፣ በእምነት ጥያቄ የተነሣ ቀድመው የሚመለሱ አሉ። ሁሉም ሰው የሚጠይቀው "ለምን መጣህ?" ነው። ወላጅ ያፍራል፣ ጎረቤት ያማል። መሪዎቹ በግልጽ አታሳፍሯቸው ሲሉ ይሰማል፤ ጤናቸው ለማይፈቅድም ከቤታቸው እየኖሩ በበጎ አድራጎት ሥራ የሚያገለግሉበት መንገድ አለ። ማኅበረሰቡ ግን እስካሁን አልለመደውም። በ19 ዓመት ላይ እንዲህ ያለ ሸክም መሸከም ከባድ ነው፣ ይህ ጉዳይ ከሚወራው በላይ ሊወራበት ይገባል።

ቤቴ ቢመጡ ምን ልበል?

መስማት ከፈለጉ ያስገቡ፣ የፈለጉትን ይጠይቁ። ስለ ጥቁሮች እገዳም ሆነ ስለ ብዙ ሚስት ቢጠይቁ አይቆጡም፣ ጥያቄው አዲስ አይሆንባቸውም። ሴት ብቻዋን ባለችበት ቤት ወንዶቹ አይገቡም፣ ደንባቸው አይፈቅድም፤ ደጅ ላይ ያወራሉ ወይም ሌላ ቀን ይቀጥራሉ።

ካልፈለጉ ግን ቁርጡን ይንገሯቸው። እኛ ሰው ፊት እምቢ ማለት ይከብደናል። "እሺ፣ ሌላ ጊዜ ኑ" ብለን እንሸኛለን። እነሱ ያንን እንደ ቀጠሮ ነው የሚይዙት። ስልካቸው ላይ ስምዎንና አድራሻዎን ይጽፋሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳሉ። እነዚያ ልጆች ቢዘዋወሩ እንኳ መዝገቡ ለተተኪዎቹ ይተላለፋል። "የራሴ እምነት አለኝ፣ አመሰግናለሁ፣ ተመልሳችሁ አትምጡ" ቢሏቸው አመስግነው ይሄዳሉ፣ እንዳይመጡ ብለውም ይመዘግባሉ።